ገመዱን ያላለፈው ውሃ

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ከብዶኝ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ ያለፍኩትን መንገድ በእግሬ የምመለስ ሴት ነበርኩ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከእኔ መስማታችሁ ራሱ አንድ ነገር እንደተለወጠ ሳይነግራችሁ አይቀርም። ሳስታውሰው ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሳቄ መጥቶብኝ አጠገቤ የተቀመጡ ሰው ቦታ ቀይረዋል።

ዘውድነሽ እባላለሁ። የምኖረው ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ብዙ አባወራ በአንድ በር በሚገባበትና በሚወጣበት ግቢ ውስጥ ነው። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ እኔ በማታው ክፍለ ጊዜ የእነዚያኑ ልጆች መጽሐፍ ይዤ እቀመጥ ነበር። ቀን ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እያዋስኩ፣ ማታ እየተማርኩ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያዝኩ። ያ ሳይበቃኝ፣ ማንም ሳይገፋኝ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ገባሁ። የጥናቴ ርዕስ የአፈር እርጥበት የደን ዛፎች ኦዞን በሚስቡበት መጠን ላይ ያለውን ተጽዕኖ በሞዴል ማስላት የሚል ነበር። ርዕሱን ስነግራት በግቢያችን ፀጉር ቤት ያላት ሂሩት፣

«እንዴ ዘውድዬ! ይሄ ርዕስ ነው ወይስ ከሜክሲኮ ጀሞ ያለው የታክሲ ሰልፍ?» አለችኝ።

ነገሩ ግን እንደ ርዕሱ አስቸጋሪ አይደለም። ኦዞን ስንል ብዙዎቻችሁ ሰማይ ላይ ሆኖ ከፀሐይ የሚከልለንን ታስቡ ይሆናል። እሱ እዚያ ላይ ሲሆን ደግ ነው። እዚህ ታች፣ እኛ አጠገብ ሲሆን ግን የመኪና ጭስ በፀሐይ ሲበስል የሚወለድ፣ ለዓይን የማይታይ፣ ሳንባም ቅጠልም የሚያቃጥል ጋዝ ነው። ዛፍ በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲተነፍስ ይህንንም አብሮ ይምገዋል። አየሩ ይቀልለታል፣ ዛፉ ይጎዳል። ውሃ ሲጠማው ደግሞ እንዳይደርቅ ብሎ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ መርዙም ደጅ ይቀራል። እኔ የሠራሁት ይህን ሁሉ በኮምፒውተር ውስጥ በሂሳብ የሚተነፍስ ዛፍ አድርጎ መትከል ነው። ፀሐዩን፣ ዝናቡን፣ አፈሩን ትነግሩታላችሁ። የሂሳቡ ዛፍ አፉን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ከዚያ ሄዳችሁ እውነተኛው ዛፍ እንደዚያው ማድረጉን ታያላችሁ።

ከለካኋቸው ዛፎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር ባለ ደን ውስጥ ናቸው። አንዱ ግን የግቢያችን ጥቁር እንጨት ነው፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ከመሆኑ በፊት የነበረ ዛፍ ነው ይሉታል። ደጄ ላይ ስለሆነ በየማለዳው እለካዋለሁ። ቅጠሉን ቆንጥጦ አተነፋፈሱን የሚያነብ የውሰት መሣሪያ ነበረኝ። ከግንዱ በአንደኛው ወገን ደግሞ ሹካ የሚመስል የአፈር እርጥበት መለኪያ ቀብሬ ዙሪያውን በቀይ ገመድ አጠርኩት። ከዚያ በሕይወቴ የመጀመሪያውን የአደባባይ ንግግር አደረግኩ፤

«እባካችሁ ከዚህ ገመድ ማንም እንዳያልፍ። ውሃም እንዳይፈስበት።»

እማማ ጥሩወርቅ፣ የግቢያችን ትልቅ ሰው፣ በራቸው ላይ ቆመው «ሰማችሁ? ገመዱን ያለፈ ከእኔ ጋር ነው!» ብለው አወጁልኝ።

ማንም አላለፈም። ይህችን ያዙልኝ።

ነገሩ የፈነዳው መጋቢት ውስጥ ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ የጋለበት ሰሞን። የመመረቂያ ጥናቴን ፈታኞች ፊት የማቀርበው ዓርብ ነበር። ረቡዕ ዕለት አማካሪዬ ቢሮው አስጠርቶኝ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው።

«ይሄ ዛፍ ምን ሆኖ ነው?»

የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ እሱው ነው።

«መለኪያሽ አፈሩ ደርቋል ይላል፤» አለ በጣቱ እያሳየኝ። «ሞዴልሽ በዚህ ድርቀት ዛፉ አፉን ይዘጋል ይላል። የደኑ ዛፎች እሺ ብለው ዘግተዋል። ይሄኛው ግን...»

«ይተነፍሳል፤» አልኩ።

«እንደ ነሐሴ ነው እንጂ የሚተነፍሰው! አውጪው በቃ። አንድ ዛፍ ነው።»

«እውነቱን እየተናገረ ከሆነስ?»

አማካሪዬ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ደህና ቀን «አንቺ» ይለኛል፤ የተናደደ ቀን ብቻ አንቱታው ይመጣል።

«እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ፤» አለኝ። መጣ ማለት ነው። «ወይ ምክንያቱን ይዘው ይምጡ፣ ወይ ዛፉን ያውጡ፣ ወይ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።»

ለእኔ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር አልነበረም። መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ የትምህርት ፈቃድ እያለቀ ነው፣ መሣሪያውም ተመላሽ ነው። ዛፉን ማውጣት ደግሞ አልችልም። ስለማይመቸኝ ብቻ አንድ እውነተኛ ነገር ከወረቀት ላይ ብሰርዝ፣ የቀረው ሁሉ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ይህ ጠባዬ ብዙ ወዳጅ አላተረፈልኝም፤ ግን ሌላ የለኝም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ዶማ ተውሼ ወጣሁ። መጀመሪያ በገመዱ ውስጥ ቆፈርኩ። አፈሩ ዱቄት ነው፤ ሲዘግኑት ይበናል። መለኪያዬ አልዋሸም። ከዚያ ግንዱን ዞሬ፣ ከገመዱ ውጭ፣ መሬቱ ወደ ታች ዘንበል የሚልበት ጀርባው ጋ ሄድኩና ዶማውን አነሳሁ።

ጭቅ አለ።

ዶማው ጭቃ ይዞ ወጣ። ጭቃው ውስጥ አንድ ወፍራም የምድር ትል፣ ምን ሆነሽ ነው የምትረብሺኝ በሚል ዓይነት ይጠማዘዛል። በዚያ ድርቅ! ተንበርክኬ እጄን ከተትኩ። ቀዝቃዛ፣ ጥቁር፣ የጠገበ አፈር።

«ቧንቧ ፈንድቷል!» ብዬ ጮህኩ። ጮኼ አላውቅም ነበርና ሂሩት የደንበኛዋን ፀጉር እንደያዘች ወጣች። ደንበኛዋም በፀጉሯ ተጎትታ አብራ ወጣች።

«ሂሩት፣ እዚህ ጋ ቧንቧ ያልፋል?»

ሂሩት እማማ ጥሩወርቅን አየች። እማማ ጥሩወርቅ ሰማይ ሰማዩን አዩ።

«ቧንቧ?» አለች ሂሩት። «ሊያልፍ ይችላል። ምናልባት የጣሊያን ጊዜ ቧንቧ።»

«አዎ፤ ጣሊያን ያልቀበረው የለም፤» አሉ እማማ፣ አሁንም ከሰማዩ ሳይወርዱ።

እኔም አመንኩ። ደስታዬ ግን ወዲያው በረደ። ቧንቧ ከሆነ ምን ያህል እንደሚያፈስ እንዴት አውቃለሁ? ዓርብ ጠዋት ፈታኞቹ ፊት ቆሜ «የሆነ ውሃ ከሆነ ቦታ ገብቷል» ልበል? ቢያንስ ስንጥቁን ላግኘው ብዬ መቆፈር ቀጠልኩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከግንዱ ጀርባ ጉድጓዱ ወገቤ ደርሷል። ቧንቧ የለም፣ የቧንቧ ዘመድም የለም። እርጥበቱ ደግሞ ወደ ታች ስሄድ ከመጨመር ይቀንሳል። ከላይ ነው የመጣው ማለት ነው? ጎንበስ ብዬ ይህን ሳሰላስል ቀዝቃዛ ውሃ በማጅራቴ ገብቶ እስከ ወገቤ ወረደ።

ብድግ አልኩ።

«ያ አላህ! ዛፉ ራስ አወጣ!»

ጋሽ ሰይድ ነበሩ። በመንገዱ ዳር ከቆርቆሮ ምድጃና ባልዲ የሚሠሩ፣ እዚሁ ግቢ የሚኖሩ የወሎ ሰው ናቸው። ለዙሁር ሰላት ታጥበው ውዱእ አድርገው፣ በጆጉ የተረፈውን ውሃ ሳያዩኝ አናቴ ላይ ገልብጠውታል። ጆጉ ከእጃቸው አምልጦ ይንከባለላል።

«እኔ ነኝ ጋሽ ሰይድ! ዘውድነሽ!»

«ጉድጓድ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?»

«እርስዎስ እዚህ ምን ያፈስሳሉ?»

ጋሽ ሰይድ ጆጉን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እማማ ጥሩወርቅ በር ዞሩ።

«ጥሩወርቅ፣ እንግዲህ እኔ አልተናገርኩም። ውሃው ነው የተናገረው።»

እማማ ከበርጩማቸው ተነስተው መጡ። ነጠላቸውን እንደ ዳኛ ካባ አጣፉ።

«ምን ይደረግ? ሰው ነን!» አሉ። «በየጠዋቱ ያንን ሹካሽን እያየሽ ‹ደረቀ... ዛሬም ደረቀ...› ስትይ እሰማለሁ። ይቺ ልጅ ዛፏ ሊሞትባት ነው አልኩ። ግቢውን ሰበሰብኩና ሁላችሁም የተረፋችሁን አምጡ አልኳቸው።»

«እማማ! እኔ እኮ ቁጥሩን ስጽፍ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንጂ... መድረቁን ነው የምፈልገው! እንዲደርቅ ነው የምጠብቀው!»

«እሱን በምን እንወቅ? ፊትሽ እኮ የለቅሶ ቤት ነበር!»

«በተለይ ሰሞኑንማ፣» አለች ሂሩት፣ «ፊትሽ ሲጠቁር እኛም ጨመርን።»

ገባችሁ? ዛፉ አልዘጋ ሲል እኔ ተጨነቅኩ። እኔ ስጨነቅ እነሱ ውሃ ጨመሩ። ውሃ ሲጨምሩ ዛፉ ይብስ ተነፈሰ። ዛፉ ሲተነፍስ እኔ ይብስ ጠቆርኩ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ነግረንሽ ልትቀበዪን?» አሉ እማማ። «ውሃ በፈረቃ በምናገኝበት ግቢ! ‹ኧረ አይሆንም፣ ኧረ በእኔ ይሁንባችሁ› ትይ ነበር። እናውቅሻለን። ስኳር ተበድረሽ እንኳ አታውቂ።»

«ገመዱስ?» አልኩ በሞተ ድምፅ።

እዚህ ላይ ሦስቱም ደረታቸውን ነፉ።

«ገመዱንማ አላለፍንም!» አለች ሂሩት። «እማማ ይሙቱ፣ አንዲት ጠብታ ገመዱ ውስጥ አልገባችም። ሁሉንም በዚህ በኩል ነው ያፈሰስነው!»

መሬቱ ደግሞ ከገመዱ ወደዚህ ነው የሚያዘነብለው። መለኪያዬ በአንዱ ወገን ድርቅ ሲመዘግብ፣ ዛፉ በሌላው ወገን በስርቆሽ ሲጠጣ ከረመ። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ላለቅስ ነበር የተቀመጥኩት። የመጣው ግን ሳቅ ነው። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ለዓመታት የዋጥኩት ሁሉ አንድ ላይ የወጣ ይመስል ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅሁ። ሂሩት ተከተለች። ጋሽ ሰይድ «አስደነገጥኳት፣ አእምሮዋን ነካሁት» እያሉ ሲዞሩ እሳቸውንም ያዛቸው። ደንበኛዋ ግማሽ ፀጉሯ እንደተሠራ በሩን ተደግፋ ታነባለች።

ሳቄ መሐል ላይ ቀጥ አለ። ምን እንዳገኘሁ ገባኛ!

ድርቅ ውስጥ ቆሞ በሰው እጅ የጠጣ ትልቅ ዛፍ! ደን ውስጥ ይህን ላድርግ ብል ቦቴ መኪና ማን ይሰጠኛል? ሞዴሌ ትክክል ከሆነ፣ ያፈሰሱትን ውሃ ብነግረው ይህን ዛፍ ራሱ ያስረዳልኛል። ትክክል ካልሆነም ይለይልናል። የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በቀን ስንት ነው የምታፈሱት?»

«እኔ ሁለት ባልዲ!» አለች ሂሩት።

«ሁለት ብቻ?» አሉ እማማ። «እኔ ብቻዬን ሦስት። ለዚያውም አፍ እስከ አፉ።»

«አምስት ወቅት ስሰግድ አምስት ጆግ፤» አሉ ጋሽ ሰይድ። «አንዳንዴም የሱና ሰላት እጨምራለሁ።»

ስደምረው ጥቁር እንጨት ሳይሆን የዓሣ ገንዳ ነው። «ይህን ያህል ከሆነ እኮ እኔ ነገ ወደቅሁ ማለት ነው፤» ብዬ አጉረመረምኩ።

ወዲያው ድርቅ ገባ።

«ባልዲ ስል...» አለች ሂሩት፣ «ትንሿን የቀለም ባልዲ ነው። እሷም ትቀዳለች።»

«እኔስ የእጄን መታጠቢያ ነው፤ ምን ውሃ አለኝ?» አሉ እማማ።

«ጠብታ ናት፤» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ልትቆጠር አትችልም።»

የዋሹኝ እንዳይመስላችሁ። የሚያስደስተኝን መልስ ፍለጋ ፊቴን እያነበቡ ነው። ሲከፋኝ ይቀንሳሉ፣ ስፈካ ይጨምራሉ። ፊቴ ባለበት እውነት አይገኝም። ስለዚህ ፊቴን አዞርኩ። አንድ በአንድ ራቅ አድርጌ መጀመሪያ መቼ እንደጀመሩ ጠየቅኳቸው። እማማ «የጥምቀት ታቦት በገባ ማግሥት» አሉ። ሂሩት «የጥር ሙሽሮች ፀጉር ቤቴን ያጨናነቁኝ ሰሞን» አለች። ጋሽ ሰይድ «ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው» አሉ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ዓይነት አቆጣጠር፣ አንድ ሳምንት! ዛፉ ከሞዴሌ መንገድ የወጣውም በዚያው ሳምንት ነበር።

ከዚያ ከቤቴ ትልቁን ሳፋ አውጥቼ ሁልጊዜ ውሃ የሚፈስበት ቦታ ላይ ዘረጋሁት።

«አሁን ማለዳ ነው በሉ፤» አልኳቸው። «እንደየዕለቱ አድርጉ። በየራሳችሁ ዕቃ፣ አንድ ቀን የምታፈሱትን ሁሉ። ማንም አይናገር፣ ማንም ማንንም አያይ። እኔም ጀርባዬን እሰጣችኋለሁ።»

ያን ከሰዓት ያየ ሰው ግቢው አበደ ይላል። እማማ ጥሩወርቅ በጠራራ ፀሐይ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው፣ እያዛጉ ከቤት ወጡ። ማለዳ ነዋ! አማትበው፣ ፊት የታጠቡበትን ዓይነት ውሃ በማንቆርቆሪያቸው አምጥተው አፈሰሱ። ሂሩት በቀለም ባልዲዋ የፀጉር ማለቅለቂያ ይዛ በጣቷ እየተራመደች መጣች።

«ሻምፖ አለበት እንዴ?» አልኩ ሳልዞር።

«አትናገሩ ብለሽ!» አለች በሹክሹክታ። «የመጨረሻው ማለቅለቂያ ነው። ዛፉ ፀጉር ስለሌለው እንጂ ኮንዲሽነርም አስቤለት ነበር።»

ጋሽ ሰይድ ጆጋቸውን አምስት ጊዜ እያመላለሱ፣ ከእያንዳንዱ የሚተርፈውን ብቻ ጠብ አደረጉ።

ሳፋው ውስጥ ያለውን በላቦራቶሪ ሲሊንደር፣ በባለ መስመሩ መለኪያ ብርጭቆዬ፣ ለካሁ። ከጉራቸው በጣም ያንሳል፤ ከክህደታቸው በጣም ይበልጣል። ኮምፒውተሬ ባትሪው ሞቶ ስለነበር የሂሩት ፀጉር ማድረቂያ የተሰካበትን ሶኬት ተረከብኩ። ለሞዴሌ ዝናቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩለት። ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ፣ በየቀኑ፣ የሳፋው ውሃ። ሌላ ምንም አልነካሁም። አስኬድኩት።

የሞዴሌን ስሌት የሚያሳየው ቀይ መስመር፣ ሳምንታት ሙሉ መሬት ላይ ተኝቶ የነበረው፣ ተነሳ። ወጣ። ወጣና በለካኋቸው ነጥቦች መሐል ክር በመርፌ እንደሚገባ ገባ።

«ምን አለ?» አሉ እማማ፣ ከትከሻዬ በላይ።

«ጠጣሁ አለ!»

እልልታቸውን ለቀቁት። ጎረቤት ግቢ ሰርግ መስሎት አብሮ እልል አለ።

እኔ ግን አንድ ነገር አልጣመኝም። የካቲት መጨረሻ ላይ መስመሩ ከፍ ብሎ ሲሄድ፣ ጥቂት ነጥቦች ተዘርረው መሬት ላይ ወድቀዋል። ዛፉ በእነዚያ ቀናት አፉን ዘግቷል። ለምን?

«እዚህ ጋ አፍስሳችሁ ነበር?» አልኩ። «የካቲት መጨረሻ?»

ሦስቱም ተያዩ።

«የውሃው ሰሞን!» አለች ሂሩት ጠረጴዛውን መትታ። «ውሃ ድርግም ብሎ የጠፋ ጊዜ! ደንበኞቼን በደረቁ ነዋ የሠራሁት!»

«እኔ እንኳ በአፈር ነው ተየሙም ያደረግኩት፤» አሉ ጋሽ ሰይድ።

የሰፈሬ ውሃ የጠፋበትን ሰሞን አንድ ዛፍ በቅጠሎቹ መዝግቦ አስቀምጦልኛል። የእነዚያን ቀናት ውሃ ከሂሳቡ ሳወጣ መስመሩ ወርዶ የወደቁትን ነጥቦች አነሳቸው። ያን ጊዜ ማንን እንዳቀፍኩ አላስታውስም። ደንበኛዋን ይመስለኛል።

ጫጫታው በረድ ሲል እማማ ጥሩወርቅ ፊታቸው ተለውጦ ዛፉን አዩት።

«ቆይ እስቲ ዘውድዬ። አፉን ከፈተ ማለት፣ ያ ለሂሩት ስትነግሪያት የሰማሁት የመኪና ጭስ መርዝ ገባበት ማለት ነው?»

ይህን ጥያቄ ከፈታኞቹ ጠብቄ ነበር እንጂ ከእሳቸው አልጠበቅኩም።

«አዎ እማማ።»

«እኛ ነና ያጠጣነው።»

አንድ ያረጀ ቅጠል ቀጥፌ አሳየኋቸው። ፊቱ ላይ እንደ ሚጥሚጣ የተነሰነሱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። «ይሄ ምናልባት ከእሱ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም።» ለማጽናናትም ቢሆን ያላረጋገጥኩትን አልናገርም።

ጋሽ ሰይድ ቅጠሉን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱት። «ዛፉ ባይወስደው የት ይሄድ ነበር?»

«የትም። እዚሁ እኛ ዘንድ ይቆያል።»

«እንግዲያው ተካፍሎናል፤» አሉና ቅጠሉን ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስቀመጡት።

«ነገስ?» አሉ እማማ። «ላጠጣው ወይስ ልተወው?»

ሞዴሌ ምን ያህል መርዝ እንደሚገባ ያሰላል፤ ምን እንደሚሻል ግን አይናገርም። ይህንኑ ነገርኳቸው። እማማ አሰቡና ሳፋውን አንስተው፣ የለካሁትን ውሃ ሁሉ ከገመዱ ውጭ አፈሰሱት። «ጠምቶት እያየሁማ አላልፍም፤» አሉ።

ዓርብ ጠዋት አማካሪዬ የመስመሩንና የነጥቦቹን አዲስ ሥዕል አየና ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋ። ከዚያ «አንቺ...» አለ። የቀረውን አልሰማሁም። «አንቺ» ካለኝ ተርፌያለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። ዋናዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሴት ነበሩ። አንገቴን ደፍቼ ከወረቀቴ ላይ አነበብኩ። ጥቁር እንጨቱ ጋ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ይህን ዛፍ ያጠጣው ማነው? የምርምር ረዳት ነበረሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። ያው የታክሲው በሽታዬ ነው። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበሮቹ ሲንቋቁ ሰማሁ። ሳልጋብዛቸው ነው የመጡት። እማማ ጥሩወርቅ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጋሽ ሰይድ ኮታቸውንና ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሂሩት የእማማን ፀጉር ሳይቀር ሠርታ፣ ሦስቱም ተነስተው ቆመዋል።

«እኛ ነን፤» አሉ እማማ። «ለምስክር ነው የመጣነው።»

ፈታኟ መነጽራቸውን አወለቁ። «እናቴ፣ ውሃው መለኪያው የተቀበረበት ገብቷል?»

«በማርያም! ገመዱን? አንዲት ጠብታ አላለፈችም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቄ ጋር ድምፄ ወጣ። ወረቀቱን አስቀምጬ ሳፋውን፣ የጥር ሙሽሮችን፣ ውሃ የጠፋበትን ሰሞን ቀና ብዬ ተናገርኩ። ሰዓትሽ አልቋል ተብዬ ተቋረጥኩ። እኔ! ፈታኟ በመጨረሻ «ከአንድ ዛፍ ግን ብዙ አትበዪ» ብለው አስጠነቀቁኝ፤ ልክ ናቸው፣ በጥናቴም ውስጥ ጽፌዋለሁ። ጥቁር እንጨቱም ከነነጥቦቹ ገብቶ አለፍኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ዛፍ ለመለካት ላትነሱ ትችላላችሁ። ግን ሕይወታችሁን በልባችሁ ስታሰሉ፣ ዝናቡ ይህን ያህል፣ ፀሐዩ ይህን ያህል ብላችሁ ስትደምሩ፣ እንደ እኔ ጎረቤታችሁን ረስታችሁ እንዳይሆን። እኔ በዚያ ግቢ ስኖር ከሰላምታ ብዙም ያለፈ ቃል ለማንም አላወጣሁም፤ ማንንም እንዳላስቸግር ዙሪያዬን ያጠርኩ ይመስለኝ ነበር። እነሱም አጥሬን አክብረው፣ ሳያልፉት፣ በሌላው በኩል ሲያጠጡኝ ኖረዋል። አሁን ስኳር እበደራለሁ። ታክሲ ውስጥም «ወራጅ አለ!» እላለሁ፤ አንዳንዴ የእኔ ፌርማታ ባይሆንም ለሌላ ዓይነ አፋር ብዬ።

በዚህ በጋ ሥራውን በደንብ አድርጌ እንደገና ጀምሬዋለሁ። ጥቁር እንጨታችን በልክ ይጠጣል። ለማወዳደሪያ እንዲሆን ደግሞ ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ ባለ ሰው በማይበዛበት ግቢ ሌላ ጥቁር እንጨት መርጬ መለኪያውን በገመድ አጥሬያለሁ። እሱ ዝናብ እስኪመጣ ምንም እንዳይቀምስ ለእማማ ጥሩወርቅ በዝርዝር አስረድቻቸዋለሁ። እሳቸውም «ምስኪን፣ ምን አጠፋ?» ካሉ በኋላ እሺ ብለዋል።

ትናንት ያንን ሁለተኛውን ዛፍ ልለካው ሄድኩ። በገመዱ ውስጥ አፈሩ ዱቄት ነው። ግንዱን ዞሬ ከኋላው አየሁ፤ መሬቱ ርሷል። አጠገቡ የማውቀው ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል።

ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሳቄን ይዤ ሲሊንደሬን ላመጣ ወደ ቤት ሮጥኩ።